የሚሮጥ ሰው ጡንቻ እንዴት ይለካል? የኢኤምጂ አሠራር በባሕር ዳር ሜዳና በጣና ዳር

ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ክንድ ላይ ኤሌክትሮድ ለጥፎ የጡንቻውን የኤሌክትሪክ ምልክት ማየት፣ ማለትም ኢኤምጂ (ኤሌክትሮማዮግራፊ)፣ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ያው ሰው ተነሥቶ 30 ሜትር ሲፈተለክ ግን ስክሪኑ ላይ ከሚመጣው ግማሹ የጡንቻ፣ ግማሹ የኬብል ሊሆን ይችላል። ክፋቱ ሁለቱ መመሳሰላቸው ነው። እግር መሬት በመታ ቁጥር ጡንቻው ይሠራል፣ ኬብሉም ይነቀነቃል፤ ሐሰቱ ምልክት ከእውነተኛው ጋር በአንድ ምት ይመላለሳል። በኋላ በሶፍትዌር እለየዋለሁ የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ አይለየውም። ስለዚህ እዚህ ያለው አሠራር አብዛኛውን ልፋት ቆዳውና ኬብሉ ላይ ያደርጋል፤ ኮምፒዩተሩ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው።

ዋናው ምሳሌ የአጭር ርቀት ሯጭ እግር ነው። ታንኳ ቀዛፊና እስክስታ ወራጅ ላይ ምን እንደሚለወጥ ወደ መጨረሻው ተጽፏል።

መጀመሪያ ምልክቱን ማወቅ

ከቆዳ ላይ የሚነበበው ምልክት ከጥቂት ማይክሮቮልት እስከ ጥቂት ሚሊቮልት ይደርሳል። የምልክቱ ኃይል ከ20 እስከ 450 ሄርትዝ (በሰከንድ የሚወዛወዝበት ብዛት) ባለው ውስጥ ሲሆን፣ አብዛኛው ከ50 እስከ 150 ባለው ላይ ይከማቻል። የመወዛወዝ ረብሻ ባብዛኛው ከ20 ሄርትዝ በታች ነው፤ እግር መሬትን በኃይል ሲመታ ግን ከዚያም በላይ ይወጣል። የመብራት ኃይል ረብሻ ደግሞ በእኛ አገር 50 ሄርትዝ ነው፤ ማለትም በትክክል ጡንቻው በሚናገርበት ቦታ። ለዚህ ነው 50 ሄርትዝን ቆርጦ የሚያወጣውን ኖች ማጣሪያ ገና ሲጀመር ማብራት የማይመከረው፤ ረብሻውን ሲያወጣ ጡንቻውንም ይዞ ይወጣል። ከመብራት መራቅ ይሻላል።

አንድ ነገር ከአሁኑ ይታወቅ፤ ይህ ምልክት የጡንቻው ትእዛዝ እንጂ ጉልበቱ አይደለም። ምልክቱ ከታየ በኋላ ጉልበቱ እስኪመጣ ከ30 እስከ 100 ሚሊሰከንድ ያህል ይዘገያል። ፈጣን ሯጭ በሙሉ ፍጥነቱ ላይ እግሩ መሬት የሚነካው ለ100 ሚሊሰከንድ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ባቱ ሥራ የሚጀምረው እግሩ ገና አየር ላይ ሳለ ነው። ይህን ሲያዩ «ሰዓቱ ተዛብቷል» ብለው ዳታውን የሚጎትቱ አሉ፤ አትንኩት።

ዕቃ

ገመድ አልባ ዝግጁ ሴንሰር ያለው ሰው ይህን ክፍል ይዝለለው። በራሱ ለሚገጣጥም ግን ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ነው።

ኤዲ8232 የሚባለው ርካሽ ቦርድ ለልብ ምት የተሠራ ነው። በገበያ ያለው ባብዛኛው ከ40 ሄርትዝ በላይ ያለውን እንዲቆርጥ ተደርጎ የተገጣጠመ ስለሆነ፣ የምትፈልጉትን ጥሎ የማትፈልጉትን ያስቀርላችኋል። ማዮዌር የሚባለው ለጡንቻ የተሠራ ሴንሰር ከሆነ ሦስት መውጫ አለው፤ ተለሳልሶ ከሚወጣው ሳይሆን ከጥሬው መውጫ ውሰዱ። የተለሳለሰው ለመብራት ማብሪያና ለሮቦት እጅ ጥሩ ነው፤ ለሩጫ ጊዜውን ያዘገየዋል፣ ረብሻውንም ደብቆ ጡንቻ ያስመስለዋል።

የማጉያው መጠን በሒሳብ ይወሰን። በ3.3 ቮልት የሚሠራ፣ መሐሉ 1.65 ቮልት ላይ ያለ ቦርድ 1000 ጊዜ ካጎላ፣ ከ1.65 ሚሊቮልት በላይ የሆነ ምልክት ጣሪያ ይነካና ጫፉ ይቆረጣል። የሯጭ ባት ይህን ያልፋል። 500 ጊዜ ይበቃል፤ እስከ 3.3 ሚሊቮልት ይችላል፣ በ12 ቢት ንባብም አንዱ እርከን 1.6 ማይክሮቮልት ያህል ይሆናል።

ንባቡ በሰከንድ 2000 ጊዜ ይሁን፤ 1000 የመጨረሻው ዝቅተኛ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሳያውቀው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። ቦርዱን ከኮምፒዩተር የሚያገናኘው ሲሪያል መስመር በ115200 ፍጥነት ሲልክ በሰከንድ 11,520 ባይት ብቻ ያሳልፋል። አራት አሃዝ ቁጥር ከመስመር መዝጊያው ጋር 6 ባይት ነው፤ 2000 ሲባዛ በ6 12,000 ይመጣል። መስመሩ ይሞላል፣ ፕሮግራሙ ይቆማል፣ በ2000 የተነበበ የመሰለው ዳታ በእውነቱ ያልተስተካከለ ነው። ቁጥሩን በጽሑፍ ሳይሆን በ2 ባይት ላኩ፣ ወይም ፍጥነቱን ወደ 500000 ከፍ አድርጉ።

በብሉቱዝ በቀጥታ ከመላክ በሯጩ ወገብ ላይ ባለ ሚሞሪ ካርድ መቅዳት ይመረጣል። የሰው ገላ ውኃ ነውና የብሉቱዝን ሞገድ ይጋርዳል፤ ሯጩ ጀርባውን ሲሰጣችሁ ዳታው ይቆራረጣል። ሚሞሪ ካርድም የራሱ ጠባይ አለው፤ አንዳንዴ ሲጽፍ ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ ይዘገያል፣ ስለዚህ ፕሮግራሙ ቢያንስ የግማሽ ሰከንድ ዳታ የሚያቆይበት ቦታ ይኑረው። ስምንት ጡንቻ በሰከንድ 2000 ጊዜ በ2 ባይት ሲቀዳ በደቂቃ ወደ 1.9 ሜጋባይት ይመጣል፤ ቦታ አያስጨንቅም።

ፓወር ባንክ የምትጠቀሙ ከሆነ ቀድማችሁ ለ20 ደቂቃ አስጀምራችሁ ተዉት። ብዙዎቹ የሚሳበው ኃይል ትንሽ ሲሆን «ስልኩ ሞልቷል» ብለው ራሳቸውን ያጠፋሉ።

የማይታለፍ ማስጠንቀቂያ፦ በእጅ የተገጣጠመ ቦርድ ሰው ላይ ተለጥፎ ሳለ፣ ከቦርዱ ጋር የተገናኘ ላፕቶፕም ሆነ ፓወር ባንክ በምንም ዓይነት 220 ቮልት ሶኬት ላይ አይሰካ። ባትሪ ብቻ። የልብ ምት መቆጣጠሪያ የተገጠመለት ሰው ላይም አትሞክሩ።

ኤሌክትሮድና ቆዳ

ለልብ ምርመራ የሚሸጡት ባለ ጄል ተለጣፊ ኤሌክትሮዶች ይሆናሉ፤ የብርና የብር ክሎራይድ የሆኑትን ምረጡ። ከሕክምና ዕቃ መሸጫ ስትገዙ የተከፈተ ፓኬት አትቀበሉ፤ በባሕር ዳር ሙቀት ጄሉ ቶሎ ይደርቃል። የአዋቂው ስፖንጅ ሰፊ ስለሆነ የሁለቱን ማእከል 20 ሚሊሜትር አራርቆ መለጠፍ አይቻልም። በመቀስ ጎንና ጎኑን ከርክሙት፣ ጄሉን ግን አትንኩ። የሕፃናት ልክ ከተገኘ መከርከሙም ይቀራል።

ሯጩ በዚያ ጠዋት ቫዝሊን፣ ሎሽን ወይም የማሳጅ ቅባት እንዳይቀባ ከዋዜማው ይነገረው። ከተቀባ በሳሙና ይታጠብ፤ አልኮል ብቻውን ቅባቱን ከማንሣት ይልቅ ያሰራጨዋል። ፀጉሩ በምላጭ ይላጭ፤ ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ ምላጭ፣ ያገለገለው ወዲያው ይጣል። ከዚያ በ70 በመቶ አልኮል በራሰ የሕክምና ጋዝ ጨርቅ ጠበቅ አድርጎ ማሸት። የእጅ ሳኒታይዘር አይተካውም፤ ብዙው ግሊሰሪን ስላለበት የሚያንሸራትት ሽፋን ትቶ ይሄዳል። የውጭ መመሪያዎች «ቆዳው ፈካ ብሎ እስኪቀላ እሹ» ይላሉ፤ ጥቁር ቆዳ ላይ ይህ አይታይም። የእኛ መለኪያ ጋዙ ነው፤ ግራጫ እድፍ ማንሣት እስኪያቆም እሹ፣ ቆዳው እስኪደርቅ ጠብቁ፣ ለጥፉ፣ ከዚያ ጄሉ እስኪሰርግ 5 ደቂቃ ስጡት። መሣሪያው የቆዳ ተቃውሞ የሚያሳይ ከሆነ ከ10 ኪሎኦም በታች ይሁን። በተራ መልቲሜትር አትለኩት፤ ንባቡም ሐሰት ነው፣ ኤሌክትሮዱንም ያበላሻል።

የት ይለጠፍ

ሁለቱ ኤሌክትሮዶች ሁልጊዜ የጡንቻውን ክር አቅጣጫ ተከትለው ይሰለፉ። ጡንቻው ሆድ ላይ እንጂ ጅማት ላይ አይሁኑ።

ባት፦ ሯጩ በጣቶቹ ጫፍ ሲቆም በውስጠኛው በኩል ጎልቶ የሚወጣው እብጠት ላይ። ከቅልጥም ፊት ያለው ጡንቻ፦ ከጉልበት በታች በውጭ በኩል ከምትዳሰሰው የቀጭኑ አጥንት ራስ እስከ ውስጠኛው የቁርጭምጭሚት አጥንት መስመር አስምሩ፤ ከላይ አንድ ሦስተኛው ላይ። የኋላ ጭን፦ ከመቀመጫ አጥንት እስከ ጉልበት ውጫዊ ጎን ባለው መስመር እኩሌታ ላይ። የፊት ጭን ውጫዊው ክፍል፦ ከዳሌ የፊት ሹል አጥንት እስከ ጉልበት ሎሚ ውጫዊ ጎን ባለው መስመር ላይ፣ ከላይ ሁለት ሦስተኛው ላይ። የማነጻጸሪያው ኤሌክትሮድ ጡንቻ በሌለበት አጥንት ላይ ይሆናል፤ የቅልጥም አጥንት ጥሩ ነው።

ቦታውን ስትፈልጉ ሯጩ ጡንቻውን ይወጥር፤ ከለጠፋችሁ በኋላ አንድ በአንድ አሠሩት። የእግር ጣቱን ወደ ላይ ሲስብ የቅልጥሙ ፊት ብቻ ምልክት መስጠት አለበት። ባቱም አብሮ ከሰጠ፣ ወይ የጎረቤት ምልክት እየሰማችሁ ነው፣ ወይ ሯጩ ሁለቱንም አብሮ እየወጠረ ነው፤ ዘና ብሎ እንዲደግመው ጠይቁ። ኤሌክትሮዱ ከአጥንቱ ያለውን ርቀት በመለኪያ ሜትር ለክታችሁ ጻፉት፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት ሴንቲሜትር ወዲያ ብትለጥፉ የቁጥሩ ለውጥ ከልምምድ መጣ ከመለጠፍ አታውቁም።

ኬብል

አንድ ነገር ብቻ በጥንቃቄ መሥራት የሚችል ሰው ይህን ይሥራ። ከኤሌክትሮዱ እስከ ማጉያው ያለው ሽቦ እስከ 10 ሴንቲሜትር ይጠር፤ ማጉያው ወገብ ላይ ሳይሆን እዚያው ጡንቻው አጠገብ ይሁን። ሁለቱ ሽቦዎች እርስ በርስ ይጎንጎኑ። ከኤሌክትሮዱ ሲወጡ ትንሽ ቀለበት ሠርታችሁ ቀለበቱን በፕላስተር ቆዳው ላይ አጣብቁት፤ ኬብሉ ሲጎተት የሚጎተተው ቀለበቱ እንጂ ኤሌክትሮዱ እንዳይሆን። ከዚያ በላዩ ላስቲክ ፋሻ ዙሩበት። ፋሻው ጡንቻውን እስኪያንቅ አይጠብቅ፤ ከፋሻው ስር አንድ ጣት መግባት አለበት። ከወገብ ወደ እግር የሚወርደው ረጅም ኬብል ጉልበት ሙሉ በሙሉ ሲታጠፍ ሊበቃ ይገባዋል፤ ቀጥ ባለ እግር የተለካ ኬብል የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ላይ ይነቀላል።

ሰዓትና ቦታ

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል ሥሩ። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ከ4 ሰዓት በኋላ ላብ ኤሌክትሮዱን ያላቅቀዋል፤ ከመላቀቁ በፊትም በሁለቱ ኤሌክትሮዶች መካከል ድልድይ ይሠራና ምልክቱን ያሳንሰዋል። በሦስተኛው ሩጫ ላይ ቁጥሩ ሲቀንስ «ደከመ» ከማለታችሁ በፊት ፋሻውን ፈታችሁ በመካከላቸው ያለውን ቆዳ ዳሱት። በክረምት ዝናብ የራሰ ሣር ላይ ሯጩ ስለሚጠነቀቅ አሯሯጡም ይለወጣል።

ሜዳው ደልዳላ ይሁን። የጣና ዳር የእግር መንገድ ለዓይን ያምራል እንጂ ሰው ይበዛበታል፣ ሙሉ ፍጥነት ለሚሮጥም አይሆንም። ከትራንስፎርመርና ከመብራት መስመር ስርም ራቁ።

ከሩጫው በፊት ሦስት ፈተና

ጸጥታ፦ ሯጩ ተጋድሞ 10 ሰከንድ ቅዱ። በጥሩ መሣሪያ የቀረው ጫጫታ ከ5 ማይክሮቮልት ያነሰ ነው፤ በእጅ በተሠራ ከ15 በታች ከሆነ ቀጥሉ። የተስተካከለ ሞገድ ከታየ የመብራት ነው፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የማነጻጸሪያው ኤሌክትሮድ በደንብ አለመለጠፉ ነው።

መነቅነቅ፦ ከሦስቱ ይህ ይበልጣል፣ ግን ብዙ ሰው አይሠራውም። ሯጩ በጀርባው ተኝቶ እግሩን ሙሉ በሙሉ ይልቀቅ። ረዳቱ ተረከዙን ይዞ እግሩን በፍጥነት ያራግፈው፤ በሌላ እጁ ባቱን ከታች መታ መታ ያድርግ። ጡንቻው አልታዘዘምና የሚመጣው ሁሉ ሐሰት ነው። ከማጣሪያ በኋላም ረብሻው ጎልቶ ከታየ ሩጫው ላይ ይብሳል። ኬብሉን እንደገና እሰሩ፤ ፋሻ ጨምሩ፤ ካልሆነ ኤሌክትሮዱን ቀይሩ። ይህን ቅጂ አትሰርዙት፤ በኋላ ከሩጫው ጋር ስታስተያዩት ረብሻው ምን እንደሚመስል የሚነግራችሁ እሱ ነው።

ዝላይ፦ ሦስት ጊዜ ባለበት ይዝለል። መሬት ሲነካ ምልክቱ ቀጥ ያለ መስመር ሆኖ ጣሪያ ከመታ ማጉያው ሞልቷል።

ማነጻጸሪያ ልክ

ሚሊቮልቱ ብቻውን ከሰው ሰው፣ ከቀን ቀን አይወዳደርም፤ ከቆዳ ስር ያለ ስብ እንኳ ይለውጠዋል። የተለመደው መንገድ ሯጩ በማይንቀሳቀስ ነገር ላይ በሙሉ ኃይሉ 5 ሰከንድ እንዲገፋ ማድረግ ነው፤ ሦስት ጊዜ፣ በመካከሉ 2 ደቂቃ እረፍት። ለኋላ ጭን በሆዱ ተኝቶ በተረከዙ ጠንካራ ቀበቶ ይሳብ። ለፊት ጭን ተቀምጦ ጉልበቱን ሊዘረጋ እየገፋ። ለባት የክብደት ብረት ተሸክሞ በአንድ እግሩ ጣቶች ጫፍ ይቁም።

ፈጣን ሩጫ ላይ ግን ውጤቱ ከ100 በመቶ በላይ ሊወጣ ይችላል፤ ስሕተት አይደለም፣ ሰው ቆሞ ሲገፋ ሲሮጥ እንደሚያዘው ያህል አያዝም። ስለዚህ ለአንድ ሰው የአንድ ቀን ሩጫዎች ንጽጽር የራሱን ፈጣን ሩጫ ከፍታ 100 ብሎ መያዝ የተሻለ ነው ብለን እናምናለን። የትኛውንም ምረጡ፣ ሪፖርቱ ላይ ግን ጻፉት፤ ያልተጻፈ በመቶኛ ዋጋ የለውም።

ሩጫው

15 ደቂቃ ማሟሟቂያ፤ ከማሟሟቂያው በኋላ ፋሻዎቹን እንደገና ፈትሹ። 10 ሜትር መነሻ፣ 20 ሜትር በሙሉ ፍጥነት። ሦስት ሩጫ በየመካከሉ ከ4 እስከ 5 ደቂቃ እረፍት። ሯጩን ብዙ ማስሮጥ ድካምን መለካት ነው።

ቪዲዮ በስልክ ይበቃል፤ በሰከንድ 240 ምስል በሚያነሣው ስልት አንዱ ምስል 4 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። በተራው 30 ምስል ግን 33 ሚሊሰከንድ ይሆናል፤ ከመሬት ንክኪው ሲሶ ማለት ነው። ቪዲዮውንና ምልክቱን ለማያያዝ አንድ ቁልፍ ተጭናችሁ ኤልኢዲ መብራትም፣ ካርዱ ላይ ምልክትም በአንዴ እንዲፈጥር አድርጉ። ሩጫው ሲጀመርም ሲያልቅም ይጫን፤ ስልኩና ቦርዱ የየራሳቸው ሰዓት ስላላቸው ቀስ በቀስ ይራራቃሉ።

ማጣራት

የፕሮግራም ቋንቋው ፓይተን ይሁን ሌላ፣ ቅደም ተከተሉ አይቀየርም። አማካዩን ቀንሱ። ከ20 እስከ 450 ሄርትዝ ያለውን ብቻ ባተርወርዝ በሚባለው ማጣሪያ በአራተኛ ደረጃ አሳልፉ፤ በመነቅነቅ ፈተናው ረብሻ ካለ 20ውን ወደ 30 ከፍ አድርጉ። ከዚያ አሉታዊውን ወደ አዎንታዊ ገልብጡ፣ አለሳልሱ።

ማለሳለሻው ላይ ይወድቃል ብዙ ሰው። ለእግር ጉዞ የተለመደው የ6 ሄርትዝ የማለሳለሻ ወሰን የአንድን ድንገተኛ ጭማሪ መነሻ በ60 ሚሊሰከንድ ያህል ይዘረጋዋል፤ በ100 ሚሊሰከንድ ንክኪ ላይ ይህ ሁሉን ነገር ጭቃ ማድረግ ነው። ለሩጫ ከ15 እስከ 20 ሄርትዝ ተጠቀሙ፤ መዘርጋቱ ወደ 20 ሚሊሰከንድ ይወርዳል። ሌላም አለ፦ ወደፊትም ወደኋላም የሚያልፍ ማጣሪያ መዘግየትን ያጠፋል፣ ግን ምልክቱን ወደ ኋላም ይለጥጠዋል፤ ጡንቻው ከእውነቱ ቀድሞ የጀመረ ይመስላል። መነሻ ሰዓት የምትፈልጉ ከሆነ ከተለሳለሰው ሳይሆን ከተገለበጠው ጥሬ ላይ ፈልጉ።

ከ10 እርምጃ በላይ አማክሉ፣ ነገር ግን አንድ በአንድ ሳታዩ አታማክሉ። አንድ የተበጠሰ እርምጃ አማካዩን ያዛባዋል። የድካም ስሌቶችን፣ ማለትም የምልክቱ ድግግሞሽ (ሄርትዝ) መሐል እየወረደ መሄዱን የሚለኩትን፣ ፈጣን ሩጫ ላይ አትጠቀሙ፤ ጡንቻው ከኤሌክትሮዱ ስር እየተንሸራተተ ሳለ የሚወርደው ምን እንደሆነ አይታወቅም።

ታንኳና እስክስታ

የደንገል ታንኳ ቀዛፊ ላይ የሚለኩት የብብት ስር ሰፊው የጀርባ ጡንቻና ከወገብ አከርካሪ ጎን ያሉት ናቸው። እዚህ የልብ ምት ምልክቱ ውስጥ ይገባል፤ በተለይ በግራ በኩል በልብ ምት ፍጥነት የሚደጋገም ሹል ካያችሁ እሱ ነው። የታችኛውን ወሰን 30 ሄርትዝ ማድረግ ብዙውን ያስወግደዋል። ቦርዱ ውኃ በማያስገባ ላስቲክ ከረጢት ታሽጎ ደረት ፊት ይታሰር እንጂ ቀዛፊው ሲጎነበስ በሚጫነው ወገብ ላይ አይሁን። የውኃ ፍንጣቂ እንደ ላብ ነው፤ ኤሌክትሮዶቹ ላይ ውኃ የማያሳልፍ ፕላስተር ደርቡ። አንድ ምት የት እንደሚጀምር ለማወቅ ከዳር ቪዲዮ ከማንሣት መቅዘፊያው ላይ ትንሽ የእንቅስቃሴ ሴንሰር ማሰር ይቀላል፤ ታንኳው ይርቃል፣ ፀሐይም ከሐይቁ ላይ ታንጸባርቃለች።

እስክስታ ላይ ፈተናው ሌላ ነው። የትከሻው ቆዳ ከስሩ ካለው ጡንቻ ነፃ ሆኖ ይሄዳል፣ እጅግም ይፈጥናል። በአንገት ሥርና በትከሻ ጫፍ መካከል ባለው መስመር እኩሌታ ላይ ለጥፉ፣ ፋሻ ስለማይያዝ ሰፊ ተለጣፊ ፕላስተር በመስቀል አድርጋችሁ ደርቡ። የመነቅነቅ ፈተናውንም እዚህ ሯጩ ላይ ካደረጋችሁት በላይ አጥብቁት፦ ወራጁ ትከሻውን ይልቀቅ፣ ረዳቱ ከኋላ ሁለቱንም ትከሻ ይዞ በዘፈኑ ፍጥነት ያራግፈው። መስመሩ ጸጥ ካለ ከበሮው ይጀመር።